የባሕር እንስሳት እንቁላል ሁሉ ክፍፍሉን ጨርሶ አይወጣም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ባሕር እንስሳት መራባት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብነው። በአማርኛ ብዙም ያልተጻፈበት ርእስ ነውና ስላነሣችሁት እናመሰግናለን። ይሁንና ጽሑፉ ከመነሻው አንድ ስሕተት ይዞ ይነሣል። የእንስሳ እንቁላል የሚዮሲስ ክፍፍሉን (የዘር ህዋስን ሁለት ተከታታይ ክፍፍሎች) በእናቱ ሆድ ጨርሶ፣ የክሮሞሶም ቁጥሩንም በግማሽ ቀንሶ ይወጣል፤ ከዚያ የሚቀረው ከስፐርም ጋር መገናኘት ብቻ ነው ይላል። ይህ ለባሕር ጃርት እውነት ነው። ለኮከብ ዓሣ፣ ለኦይስተር፣ ለሰውም ጭምር ግን እውነት አይደለም። ብዙ ተማሪ በቃሉ ይዞት የሚቀረው ይኸው አባባል ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባል ብለን ይህን ጻፍን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘር ህዋስ አጀማመር በእንስሳት ሁሉ ይመሳሰላል። በዘር እጢው ግድግዳ ላይ ያሉ ትንንሽ እናት ህዋሶች በሚቶሲስ፣ ማለትም በተራው የህዋስ ክፍፍል፣ ይበዛሉ፤ ከእነርሱም ከፊሎቹ ክሮሞሶማቸውን አባዝተው ወደ ሚዮሲስ ይገባሉ። በወንዱ በኩል ሥራው ሳይቋረጥ ይጠናቀቃል፦ አንዱ ህዋስ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ አራት እኩል ህዋሶች ይሰጣል፣ አራቱም ጭራ አብቅለው ስፐርም ይሆናሉ። በሴቷ በኩል ግን ህዋሱ ሚዮሲስን ይጀምርና ፕሮፌዝ አንድ በሚባለው የመጀመሪያው ክፍፍል መነሻ ደረጃ ላይ ይቆማል። እዚያው ቆሞ ለጽንሱ ስንቅ የሚሆን አስኳል እያጠራቀመ ያድጋል፤ ኒውክሊየሱም በጣም ያብጣል። ጀርሚናል ቬሲክል የሚባለው ይህ ያበጠ ኒውክሊየስ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥርት ያለ ሰፊ ክብ ነው፤ በውስጡም ጠቆር ያለ ነጥብ፣ ማለትም ኒውክሊዮለሱ፣ ይታያል። ክቡ ካለ እንቁላሉ ገና ቆሟል፤ ክቡ ከጠፋ ሚዮሲሱ ቀጥሏል ወይም አልቋል። የባሕር እንስሳትን እንቁላል የሚይዝ ሰው ከምንም በፊት ይህን ክብ መለየት ይማር።

እንስሳቱ የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። የባሕር ጃርት ሁለቱንም ክፍፍሎች በእጢው ውስጥ ጨርሶ፣ የበሰለውን እንቁላል አስቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል። ክላይቲያ የተባለችው ትንሽ ጄሊፊሽም እንዲሁ ክፍፍሉን ጨርሳ ትጥላለች። የኮከብ ዓሣ እንቁላል ፕሮፌዝ አንድ ላይ ቆሞ ይቆይና ሆርሞን ሲነካው ይቀጥላል፤ ስፐርም የሚቀበለውም ክፍፍሉ በመካሄድ ላይ ሳለ ነው። ሙስል የተባለው ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳና አሲዲያን የተባለው ከረጢት መሰል የባሕር እንስሳ እንቁላላቸው ሜታፌዝ አንድ ላይ፣ ማለትም የመጀመሪያው ክፍፍል ክሮሞሶሞች መሐል ላይ በሚሰለፉበት ደረጃ፣ ሆኖ ስፐርም ይጠብቃል። በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ የሚገኙት ሰርፍ ክላምና ኔሪስ የተባለው የባሕር ትል ደግሞ ጀርሚናል ቬሲክሉ ሳይፈርስ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ክፍፍሉን የሚያስቀጥለው ራሱ ስፐርሙ ነው። የአብዛኞቹ ባለ አከርካሪ እንስሳት እንቁላል፣ የሰው ጭምር፣ ሜታፌዝ ሁለት ላይ ይቆማል፤ ሁለተኛው ክፍፍል የሚያልቀው ስፐርም ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ የጽሑፋችሁ ሕግ በጥቂት እንስሳት ላይ የሚታየውን ነገር ለሁሉም የሰጠ ነው።

ሕጉ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ጀርመናዊው ኦስካር ሄርትቪክ በ1876 የእንቁላሉና የስፐርሙ ኒውክሊየሶች ሲዋሃዱ ማየቱን ያሳተመው በሜዲትራኒያን የባሕር ጃርት ላይ ሠርቶ ነው። የባሕር ጃርት እንቁላል ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ሚዮሲሱም አስቀድሞ አልቋል። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ኒውክሊየሶች ያለ አንዳች ግርግር እርስ በርስ ሲቀራረቡ ይታያሉ። ብዙም ሳይቆይ ስዊዘርላንዳዊው ሄርማን ፎል ስፐርም በኮከብ ዓሣ እንቁላል ውስጥ ሲገባ ተመለከተ፤ እንቁላሉ በየክፍፍሉ የሚጥላቸውን ትንንሽ ህዋሶች፣ የዋልታ አካላትን፣ ሲያስወጣም አየ። በሥዕል የተስፋፋው ግን ቀለል ያለው የባሕር ጃርቱ ነው። ለተመልካች የተመቸው እንስሳ ለሁሉም ምሳሌ ተደረገ።

የባሕር ጃርቱን ራሱንም ቢሆን ጽሑፋችሁ በጥድፊያ አልፎታል፤ እኛ ግን ብዙ የሚነገርለት ይመስለናል። እንስሳው በዛጎሉ ውስጥ አምስት የዘር እጢዎች አሉት። ጃፓኖች ኡኒ ብለው በውድ ዋጋ የሚበሉት ይህንኑ እጢ ነው፣ የሴቷንም የወንዱንም። በእጢው ውስጥ የሚኖሩት የዘር ህዋሶች ብቻቸውን አይደሉም፤ ከእነርሱ ጋር ትልልቅ መጋቢ ህዋሶች አሉ። እንስሳው ዘር ከጣለ በኋላ በደንብ ሲመገብ መጋቢዎቹ ያብጣሉ፤ ስኳር፣ ስብና አንድ ዋና የአስኳል ፕሮቲን ያከማቻሉ። ይህ ፕሮቲን በሴቷ ብቻ ሳይሆን በወንዱም መመረቱ ብዙ ሰው ያስገርማል። ወቅቱ ሲደርስ በግድግዳው ጥግ የተደበቁት የዘር ህዋሶች መባዛት ይጀምራሉ፤ መጋቢዎቹም ያከማቹትን እየሰጡ ይኮማተራሉ። የመጋቢዎቹን ቦታ እያደጉ ያሉት እንቁላሎች ወይም ስፐርሞች ይወስዱታል። በመጨረሻ መጋቢዎቹ ተሟጠው፣ የእጢው ክፍት መሐል በበሰለ ዘር ይሞላል። ይህ ክምችት ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ሊቆይ ይችላል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ተግባራዊ ነገር ይከተላል። የእጢው መጠን የሚለካው የእጢውን ክብደት ለመላው አካል ክብደት አካፍሎ በ100 በማባዛት ነው፤ 100 ግራም የሚመዝን እንስሳ 12 ግራም እጢ ካለው ውጤቱ 12 ይሆናል። ብዙዎች ይህ ቁጥር ከፍ ሲል እንስሳው ለመራባት ደርሷል ብለው ይደመድማሉ። ቁጥሩ ግን የመጋቢዎቹንና የእንቁላሉን ክብደት አይለይም። አንድ እንቁላል እንኳ የሌለው፣ በመጋቢ ህዋስ ብቻ የወፈረ እጢም ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል። ለምግብ የሚሰበስበው ሰው የሚፈልገው ይህኛውን ነው፣ እጢው ጠንካራና ጣፋጭ የሚሆነው ያኔ ስለሆነ፤ በዘር ሲሞላ ይለሰልሳል፣ ሲቆረጥም ነጭ ወይም ብርቱካናማ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። የባሕር ጃርት ጫጩት የሚያረባው ደግሞ የሚፈልገው በዘር የተሞላውን ነው። ስለዚህ ከመመዘን በተጨማሪ ከእጢው ትንሽ ቆርጦ፣ በባሕር ውሃ ጠብታ ላይ ተጭኖ በማይክሮስኮፕ ማየት ግድ ነው። ዘር የሚጀመርበትን ጊዜ በብዙ ዝርያዎች የሚወስኑት የቀን ርዝመትና የውሃ ሙቀት ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ በሚኖረው ሐምራዊ የባሕር ጃርት ለምሳሌ የቀን ማጠር የዘር ምርትን ያስጀምራል፤ በሰው ሠራሽ ብርሃን ቀኑ እንደረዘመ ከተያዘ ምርቱ ይታገዳል።

ጽሑፋችሁ “እንቁላሉ ይወሰዳል” ብሎ ያለፈው ሥራ የሚከናወነው እንዲህ ነው። የፖታሲየም ክሎራይድ ውህድ በ0.5 ሞላር ይዘጋጃል፤ 3.73 ግራም ጨው በተጣራ ውሃ አሟሙቶ 100 ሚሊ ሊትር መሙላት ነው። እንስሳውን ገልብጦ፣ በጥርሶቹ ዙሪያ ባለው ለስላሳ ሽፋን በኩል በቀጭን መርፌ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር፣ በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ከፍሎ መውጋት። መርፌው ወደ ጎን ማዘንበል አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከገባ የጥርሱን አካል ይመታል። ፖታሲየሙ የእጢውን ጡንቻ ያኮማትረዋል፤ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ በጀርባው ካሉት አምስት ቀዳዳዎች ዘሩ መውጣት ይጀምራል። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ እንቁላል ነው፣ ወፍራም ነጭ ከሆነ ስፐርም። ሴቷን በባሕር ውሃ እስከ አፉ በተሞላ ቢከር ላይ ጀርባዋን ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥ፤ እንቁላሉ እየሰመጠ ይጠራቀማል። የወንዱን ግን ውሃ ሳይነካው በፒፔት ከላዩ መሰብሰብና ክዳን ባለው ዕቃ በ4 ዲግሪ ማኖር ነው። ፒፔት መቀላቀል የለበትም። ለእንቁላል የዋለ ፒፔት አንዴ ስፐርም ከነካ የዚያ ቀን ሥራ በሙሉ አጠራጣሪ ይሆናል፣ እንቁላሉ መቼ እንደተገናኘ የሚያውቅ ሰው አይኖርምና።

የወንዱ ዘር ሳይበጠበጥ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ እንግለጽ። በእጢው ውስጥ ስፐርሞቹ በጣም የተጨናነቁ ናቸው፤ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መብዛት ውስጣቸውን አሲዳማ ያደርገዋል፣ ጭራውን የሚያንቀሳቅሰው ሞተርም በዚህ ምክንያት ይቆማል። 8 ገደማ ፒኤች ባለው የባሕር ውሃ ሲበጠበጡ አሲዱ ይወጣል፤ ጭራው ይነሣል፣ ስንቁም ማለቅ ይጀምራል። ሞተሩ የሚጠቀመው ኃይል ከአንዲት ሚቶኮንድሪያ የሚመጣ ስለሆነ የተበጠበጠ ስፐርም በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ ቢጠቀሙበት ይሻላል። ልኩ 10 ማይክሮ ሊትር ስፐርም በ10 ሚሊ ሊትር የባሕር ውሃ ነው። እንቁላሉን በውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ እያሰመጡ አጥቦ፣ ከእንቁላሉ በሚሰፋ ወንፊት ቆሻሻውን አስወግዶ፣ ከመቶ አንድ እጅ እንቁላል ባለው ውሃ ላይ ጥቂት የስፐርም ጠብታ መጨመር። ብዙ ስፐርም መጨመር ይጠቅማል የሚለው የጽሑፋችሁ ምክር እዚህ ላይ አደገኛ ነው።

ምክንያቱም እንቁላሉ ሁለተኛ ስፐርም እንዳይገባበት ያለው ጊዜ አጭር ነው። አንደኛው ስፐርም ሲነካው የሽፋኑ የኤሌክትሪክ ልዩነት ወዲያውኑ ይለወጣል፤ ይህ የመጀመሪያው መከላከያ ነው፣ ብዙም አይቆይም። ቀጥሎ ስፐርሙ ከገባበት ቦታ የካልሲየም ማዕበል ተነሥቶ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ውስጥ እንቁላሉን ያቋርጣል። ከሽፋኑ ሥር ያሉ ሺህ በሺህ የሆኑ ከረጢቶችም ይፈነዳሉ፤ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ በእንቁላሉ ዙሪያ የጽንሰት ሽፋን የሚባል ጥርት ያለ ቀለበት ይነሣል። ስፐርሙ ከልክ ሲያልፍ በዚህች ክፍተት ሁለት ወይም ሦስት ይገባሉ። ሁለት የገባበት እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ክፍፍል ሁለት በመሆን ፈንታ በአንዴ አራት ይሆናል፤ ቴዎዶር ቦቬሪ በ1902 በእነዚህ እንቁላሎች ላይ ሠርቶ ነው ክሮሞሶሞች እርስ በርሳቸው የተለያየ ሚና እንዳላቸው ያሳየው። ስለዚህ ስፐርም ከተጨመረ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ናሙና ማየት፤ ከ100ው 95 ቀለበት ካነሡ በቂ ነው። ከ90 በታች ከሆነ ሌላ ትንሽ ጠብታ መጨመር ይቻላል። በመጀመሪያው ክፍፍል ላይ አራት አራት የሆኑ ከበዙ ግን ያ ስብስብ አይጠቅምም፣ መጣል ነው።

በዚህ ናሙና ውስጥ ጀርሚናል ቬሲክል ያላቸው እንቁላሎችም ይገኙ ይሆናል። መርፌው የበሰለውንም ያልበሰለውንም ገፍቶ ያወጣል። ጥቂት ከሆኑ ችግር የለም፤ አንድ አሥረኛ ካለፉ እንስሳዋ ገና አልደረሰችም ወይም ወቅቷ አልፏል፣ ሌላ መምረጥ ይሻላል። የበሰለው እንቁላል ኒውክሊየስ ትንሽና ነጥብ አልባ ነው። ተማሪዎችን የዋልታ አካል ፈልጉ ብሎ ማዘዝ ደግሞ በባሕር ጃርት ላይ ከንቱ ድካም ነው፤ እዚያው እጢ ውስጥ ወጥተው ጠፍተዋል። ያን ለማሳየት ኮከብ ዓሣ ያስፈልጋል።

የኮከብ ዓሣን በባሕር ጃርት ልማድ የሚይዝ ሰው ሁሉ ይከሽፍበታል። ከእጢው ቆርጦ ያወጣው እንቁላል በሙሉ ጀርሚናል ቬሲክል ይዞ ይታያል፤ ስፐርም ሲጨምርበትም ብዙ ስፐርም ይገባል፣ ቀለበቱ በትክክል አይነሣም፣ እድገቱም ይቀራል። የቆመው እንቁላል ካልሲየም የሚለቅበት ዝግጅት ገና አልተጠናቀቀም፤ የሚጠናቀቀው ሚዮሲስ ሲቀጥል ነው። ሚዮሲስን የሚያስቀጥለውን ሆርሞን፣ 1-ሜቲልአዴኒንን፣ ጃፓናዊው ሃሩዎ ካናታኒና ባልደረቦቹ በ1969 ለይተው አወቁት። አሠራሩ የሚደንቅ ነው፦ ከነርቭ የሚወጣ ፔፕታይድ (ትንሽ ፕሮቲን) እንቁላሉን የከበቡትን ህዋሶች ያዛል፤ እነርሱ ሆርሞኑን ያመርታሉ፤ ሆርሞኑም የእንቁላሉን ሽፋን ከውጭ ይነካል። በቀጭን መርፌ ወደ እንቁላሉ ውስጥ ቢገባ ምንም አይሠራም፣ ተቀባዩ በላይኛው ገጽ ላይ ስለሆነ። ውስጥ የሚነሣው ኃይል የህዋስ ክፍፍልን የሚነዱት ሲዲኬ 1 እና ሳይክሊን ቢ የተባሉ ፕሮቲኖች አብረው የሚሠሩት ነው። ሳይክሊንንም ብሪታኒያዊው ቲም ሀንት በ1982 በአሜሪካው የዉድስ ሆል የባሕር ምርምር ጣቢያ ያገኘው በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ነው፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ይህ ሥራ የነቀርሳ ምርምርን ጭምር አግዟል።

አፈጻጸሙ እነሆ። ከክንዱ ሥር ትንሽ ቀዶ የእጢ ቁራጭ በመቆንጠጫ ማውጣት፤ ካልሲየም በሌለው የባሕር ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠብ። ይህ እጥበት ከባቢ ህዋሶችን ያላቅቃል። ካልተላቀቁ ራሳቸው ሆርሞኑን እያመረቱ አንዳንዱን እንቁላል ቀድመው ያስጀምሩታል፤ ከዚያ በኋላ እኩል የሚሄድ ስብስብ አይገኝም። ቀጥሎ ወደ ተራው የባሕር ውሃ መመለስ። 14.9 ሚሊ ግራም 1-ሜቲልአዴኒን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሟሟ አንድ ሚሊሞላር ይሆናል፤ ከዚህ 0.1 ሚሊ ሊትር በ100 ሚሊ ሊትር የእንቁላል ውሃ ላይ ሲጨመር የሚፈለገው አንድ ማይክሮሞላር ይገኛል። በጃፓኑ ፓቲሪያ ፔክቲኒፌራ በ20 ዲግሪ ሙቀት ክቡ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይደበዝዝና ይጠፋል። ስፐርም የሚጨመርበት ትክክለኛ ጊዜ ከዚያ አንሥቶ የመጀመሪያው የዋልታ አካል እስኪወጣ ድረስ ነው። ከዚህ የቀደመ ብዙ ስፐርም ያስገባል፤ እጅግ የዘገየም እንቁላሉ አርጅቶ ይጠብቀዋል። ቀለበቱ ከተነሣ በኋላ ጫፍ ላይ ቁጭ ያሉ ሁለት ትንንሽ ህዋሶች በግልጽ ይታያሉ። ሚዮሲስን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ትዕይንት አናውቅም።

በኦይስተር እርባታ ላይ ደግሞ ይህ እውቀት ገንዘብ ነው። ከፓሲፊክ ኦይስተር እጢ ተቆርጦ የወጣ እንቁላል እንደ ፒር ፍሬ አንድ ወገኑ የቀጠነ፣ ክቡም ያልፈረሰ ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሲቆይ ይከብባል፣ ጀርሚናል ቬሲክሉም ይፈርሳል። አርቢዎች ሦስት ድርድር ክሮሞሶም ያለው፣ ዘር የማያፈራ ኦይስተር ለማግኘት የዋልታ አካል እንዳይወጣ በኬሚካል ወይም በሙቀት ያግዳሉ። ዘር የማያፈራው ሥጋው በሞቃቱ የመራቢያ ወቅትም አይከሳም። ለዚህ እገዳ ሁሉም እንቁላሎች አንድ ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው፤ ቆይታው ከተዘለለ ገሚሱ የመጀመሪያውን፣ ገሚሱ ሁለተኛውን ክፍፍል ሲያካሂድ ኬሚካሉ ይደርስበታል፣ የክሮሞሶሙም ቁጥር ይበላሻል። ዛሬ ብዙ ድርጅቶች አራት ድርድር ያለውን ወንድ ከተራው ሴት ጋር በማዳቀል ከዚህ ጣጣ ወጥተዋል።

ስለ ንጽሕና አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም። ጥቁር አሜሪካዊው ኧርነስት ኤቨረት ጀስት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ በዉድስ ሆል ለዓመታት በኔሪስና በባሕር ጃርት እንቁላሎች ላይ ሠርቷል። እንደ ግኝት የሚታተሙ ብዙ ያልተለመዱ እድገቶች የአያያዝ ጉድለት ውጤት መሆናቸውን አጥብቆ ይናገር ነበር፤ ትክክልም ነበር። ሳሙና የነካው ብርጭቆ፣ ፎርማሊን የተያዘበት ዕቃ፣ የመዳብ ቧንቧ፣ ሁለት ዲግሪ የሞቀ ውሃ፣ ተደራርቦ የተቀመጠ እንቁላል፤ እያንዳንዱ ብቻውን ስብስቡን ያጠፋል። እንቁላል በዕቃው ታች በአንድ ንጣፍ ብቻ ይቀመጥ። ለጽንስ የሚውል ብርጭቆ ለሌላ ሥራ አይውል፣ በሳሙናም አይታጠብ።

ጨረቃን በተመለከተ፣ የባሕር እንስሳት ሁሉ ጨረቃ ስትሞላ በዘር ይሞላሉ ማለታችሁ ጥንታዊ እምነት ነው፤ አርስጣጣሊስም ስለ ባሕር ጃርት ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። ይህ በቀይ ባሕር ላይ ተመርምሯል። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሙንሮ ፎክስ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በሱዌዝ ሲሠራ የዓሣ ገበያ ሰዎች ሸርጣኑም ሙስሉም ጨረቃ ስትሞላ ይወፍራል ይሉት ነበር። የሚሉትን እየከፈተ መረመረ፤ ለአብዛኞቹ እንስሳት ማስረጃ አላገኘም። ረጃጅም እሾህ ባለው ጥቁር የባሕር ጃርት፣ በዲያዴማ፣ ላይ ግን እውነት ሆኖ አገኘው። በመራቢያ ወቅቱ ከሙሉ ጨረቃ በፊት እጢው በበሰለ ዘር ይሞላል፤ በሙሉ ጨረቃ ይጥላል፤ ከዚያ ያልበሰሉ ህዋሶች ብቻ ቀርተው ለሚቀጥለው ጨረቃ እንደገና ይሞላል። ይህም ቢሆን ለዲያዴማ ሁሉ ሕግ አይደለም። በፓናማ መሬት ሁለት ወገን የሚኖሩ ሁለት ዘመዳሞች አሉ፤ የፓሲፊኩ በሙሉ ጨረቃ አካባቢ፣ የካሪቢያኑ በአዲስ ጨረቃ አካባቢ ይጥላሉ።

ዘር በአንድ ቀን መጣሉ የሕይወት ጉዳይ ነው፣ ስፐርም በባሕር ውስጥ በፍጥነት ይበተናልና። ሴቷና ወንዱ ጥቂት ሜትር ከተራራቁ አብዛኛው እንቁላል ሳይዳቀል ይቀራል። በካሪቢያን በ1983 የተነሣው ወረርሽኝ ከዲያዴማው ከ90 በመቶ በላይ ከጨረሰ በኋላ የባሕር ጃርቱ ቁጥር ለአሥርት ዓመታት ሳያገግም የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የተረፉት እንቁላል አላጡም፣ ጎረቤት ግን አጡ። በ2022 እና በ2023 ዲያዴማ በሜዲትራኒያን፣ ከዚያም በቀይ ባሕር በእስራኤሏ ኢላት አካባቢ በጅምላ አልቋል። ኢላት ላይ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እንዳሳተሙት አንዳንድ የኮራል ዝርያዎችም ዘር የሚጥሉበትን የጋራ ሌሊት እየሳቱ ነው። በእስራኤል ያሉ አንባቢዎቻችሁ ይህን ባሕር በዓይናቸው የሚያዩት ናቸውና፣ በምጽዋና በአሰብ ዳርቻ የሚኖረውም ይኸው ጥቁር የባሕር ጃርት ነውና፣ ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ሙሉ ጨረቃ ዘር ያመጣል ብሎ መጻፍ ይህን አደጋ ይሸፍነዋል፤ ዘር እያለ መራባት ሊቋረጥ ይችላል።

ስለዚህ የምንጠይቀው እርማት እንዲወጣ ነው። ከጽሑፉ ጋር ያተማችሁት ሥዕል እንቁላሉ ከእናቱ ሲወጣ ሁለቱ የዋልታ አካላት ከጎኑ ሆነው ያሳያል። ሥዕሉ እንዲቆይ ከተፈለገ ከሥሩ “ኮከብ ዓሣ፣ ስፐርም ከገባና ክፍፍሉ ካለቀ በኋላ” ተብሎ ይጻፍበት። የባሕር ጃርት ነው ከተባለ ሁለቱ አካላት ይሰረዙ፣ ኒውክሊየሱም ትንሽና ነጥብ አልባ ሆኖ ይሣል። የሰው ነው ከተባለ አንድ የዋልታ አካል ብቻ ይቅር፣ ክሮሞሶሞቹም ሜታፌዝ ሁለት ላይ ተሰልፈው ይታዩ። ሦስቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ማተም ከቻላችሁ ለአስተማሪዎች በጣም ይጠቅማል፤ የማይክሮስኮፕ ፎቶዎችን በነፃ ለመስጠት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የባሕር እንስሳት ሥነ ተዋልዶ የምናጠናና የምናስተምር አንባቢዎቻችሁ